«ቦይኮት»፦ ከአየርላንድ እርሻ ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ግስ

አንድ ፓርቲ በምርጫ አልሳተፍም ሲል፣ ሸማቾች የአንድ ኩባንያን ዕቃ ላለመግዛት ሲስማሙ፣ አንድ አገር የስፖርት ቡድኑን ወደ ውድድር አልልክም ሲል፣ ዜናው ሦስቱንም «ቦይኮት» ይላቸዋል። በዚያው ዜና ውስጥ «አድማ»፣ «ማዕቀብ» እና «እገዳ» የሚሉት ቃላትም አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ይጻፋሉ። ቃላቱ ሲደባለቁ ግን አንባቢው ዋናውን ነገር ያጣል፦ ማን በማን ላይ፣ በምን ሥልጣን፣ ምን እየነፈገ እንደሆነ። ይህ ማብራሪያ የእንግሊዝኛውን ግስ ትርጉም፣ የተወለደበትን ጠብ እና ዛሬ የሚያገለግልበትን መንገድ ይከተላል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቦይኮት ማድረግ በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድን ሰው፣ ድርጅት፣ አገር ወይም ዝግጅት ለመቅጣት ወይም አቋሙን ለማስለወጥ፣ ብዙ ሰዎች ተስማምተው ከእርሱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሆን ብለው ሲያቋርጡ ቦይኮት አደረጉት ይባላል። ብቻውን አንድን ሱቅ ጠልቶ የቀረ ደንበኛ ቦይኮት አላደረገም፤ ስምምነትና የታወቀ ጥያቄ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚነፈገው ነገር የነፋጊው የራሱ መሆን አለበት፤ የገዢው ገንዘብ፣ የሠራተኛው ጉልበት፣ የተጋባዡ መገኘት፣ የጎረቤቱ ሰላምታ። ቦይኮት የሌላውን ንብረት አይነካም፣ በር አይሰብርም፣ መንገድ አይዘጋም። የራስን ይዞ ዞር ማለት ነው።

ከእድር የተሰረዘ ሰው ነገሩን ያስረዳናል። ማንም አልደበደበውም፣ ቤቱም አልተወሰደበትም፤ ነገር ግን ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፣ አብሮት የሚያመሽ፣ እስከ መቃብር የሚሸኝለት ሰው አያገኝም፤ ቅጣቱ ጎረቤቶቹ ይሰጡት የነበረው ነገር መቋረጡ ነው። ቦይኮት ከዚህ የሚለየው፣ እድር የራሱን አባል ሲቀጣ፣ ቦይኮት ግን በሀብትና በሥልጣን ከአድራጊዎቹ እጅግ በላይ በሆነ ሰው ላይም ሊውል መቻሉ ነው። ቃሉ የተወለደውም በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ነው።

ካፒቴን ቦይኮት ማን ነበሩ?

ቻርለስ ከኒንግሃም ቦይኮት በ1832 በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ተወለዱ። ለጥቂት ጊዜ በእንግሊዝ ሠራዊት አገልግለው ወደ አየርላንድ ተሻገሩ፤ በአገሪቱ ምዕራብ ባለችው አኪል ደሴት ከኖሩ በኋላ፣ በ1870ዎቹ በማዮ አውራጃ ከባሊንሮብ ከተማ አጠገብ በሎክ ማስክ ሐይቅ ዳር ተቀመጡ። በዚያም በአየርላንድ ከ40 ሺህ ኤከር በላይ መሬት የነበራቸው የሎርድ ኧርን ወኪል ሆኑ። ወኪል ማለት ባለርስቱ በሌሉበት ከጭሰኞች ኪራይ የሚሰበስብ፣ ያልከፈለውንም በፍርድ ቤት የሚያስነቅል ሰው ነው። ራሳቸውም ሰፊ መሬት ተከራይተው ያርሱ ነበር።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው የአየርላንድ ገበሬ የሚያርሰው መሬት የራሱ አልነበረም። ኪራዩን ባለርስቱ ይወስናል፤ ጭሰኛው መክፈል ካቃተው ከነቤተሰቡ ከቤቱ ይወጣል። ከ1845 ጀምሮ ድንች በበሽታ ጠፍቶ በተከታታይ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በበሽታ ያለቀበት ዘመን ገና ከሕዝቡ አእምሮ አልወጣም ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ እንደገና መከር ሲከፋ፣ በተለይ በማዮ ያሉ ገበሬዎች ያ ዘመን ተመልሶ መጣ ብለው ፈሩ። በ1879 ማይክል ዴቪት የመሬት ማኅበር የተባለውን ንቅናቄ አደራጁ፤ የፓርላማ አባሉ ቻርለስ ስቱዋርት ፓርኔል ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። ጥያቄያቸው ተመጣጣኝ ኪራይ፣ ከመሬት ያለመነቀል ዋስትና እና ጭሰኛው በይዞታው ላይ ያለውን መብት ለሌላ የመሸጥ ነፃነት ነበር።

ስልቱን ማን አመጣው?

ፓርኔል በሴፕቴምበር 19 ቀን 1880 በኤኒስ ከተማ ለተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ ጎረቤቱ የተነቀለበትን መሬት ተሽቀዳድሞ የሚከራይን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ከሕዝቡ መካከል «ግደሉት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እርሳቸው ግን ለበደለኛው ንስሐ የሚገባበት ዕድል የሚሰጥ፣ የበለጠ ክርስቲያናዊ የሆነ መንገድ አለ አሉ። በመንገድ ስታገኙት ሽሹት፣ በሱቅም በገበያም አታነጋግሩት፣ በጸሎት ቤት እንኳ ብቻውን ተዉት፣ በጥንት ዘመን ለምጻም ከሰው እንደሚለይ ለዩት የሚል ነበር ምክራቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ፓርኔል የተናገሩት ስለ ባለርስት ወይም ስለ ወኪል አልነበረም፤ የወገኑን መሬት ስለሚቀማ ገበሬ ነው። ማኅበረሰብ የራሱን አባል የሚቀጣበትን ይህን የቆየ ልማድ አንሥቶ ከበላዩ ባለ ኃይለኛ ላይ ያዋለው የማዮ ሕዝብ ነው። በእኔ እምነት የቃሉ ታሪክ እውነተኛ መነሻ ይህ ሽግግር ነው፤ ምክንያቱም ደሀው እንደ ዕጣ ፈንታው የተቀበለው አገልጋይነት ሊነፈግ የሚችል ስጦታ መሆኑ የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1880 መከር ምን ተፈጠረ?

ሎርድ ኧርን በቀደመው ዓመት ከኪራዩ 10 በመቶ ቀንሰው ነበር። በ1880 ጭሰኞቹ 25 በመቶ ይቀነስልን አሉ፤ ባለርስቱም አልተቀበሉም። ቦይኮት ባልከፈሉት ላይ የመንቀያ ትእዛዝ አወጡ። በሴፕቴምበር 22፣ ከፓርኔል ንግግር ሦስት ቀን በኋላ፣ ትእዛዙን በየቤቱ ለማድረስ የወጣው ሰው የመንደሩ ሴቶች ጭቃና ድንጋይ እየወረወሩ ስላባረሩት ሮጦ ወደ ቦይኮት ቤት ገባ።

በማግሥቱ ብዙ ሰዎች ወደ ግቢው መጥተው ሠራተኞቹን ሥራችሁን ተዉ አሏቸው። የቤት አገልጋዮችና የእርሻ ሠራተኞች ሄዱ። ቦይኮት በኦክቶበር ወር፣ «ታይምስ» ለተባለው የለንደን ጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ችግራቸውን ዘርዝረዋል፦ አንጥረኛው ለእርሳቸው ቢሠራ እንደሚገደል ተዝቶበታል፣ ልብስ አጣቢዋ ሥራዋን እንድትተው ታዝዛለች፣ ባለሱቆች ዕቃ እንዳይሸጡላቸው ተነግሯቸዋል፣ ሰብሉም የሚያነሣው ጠፍቶ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ደብዳቤው ሲታተም የአንድ መንደር ጠብ የመላው የእንግሊዝ ግዛት ወሬ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ራሱ ገባበት። በኖቬምበር ከካቫንና ከሞናሃን አውራጃዎች 50 ያህል የፕሮቴስታንት በጎ ፈቃደኞች ሰብሉን ሊያነሡ መጡ፤ እነርሱን ለመጠበቅ አንድ ሺህ ገደማ ወታደርና ፖሊስ ተሰማራ። የተፈራው ደም መፋሰስ አልደረሰም፤ የአካባቢው ሰው ከመንገድ ዞር ብሎ አሳለፋቸው። ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። 500 ፓውንድ ያህል የሚያወጣ ድንች፣ ሌላ ሥራ ሥርና እህል ለማንሣት በጥቅሉ ከ10 ሺህ ፓውንድ ያላነሰ ወጪ ወጣ። ይህ ቁጥር የዘመኑን ሰው ያስደነገጠው፣ ገበሬዎቹ ጥይት ሳይተኩሱ መንግሥትን ከሰብሉ ዋጋ 20 እጥፍ ስላስወጡት ነው።

ኖቬምበር 27 ቀን ካፒቴን ቦይኮት ከነቤተሰባቸው ከሎክ ማስክ ወጡ። ሰረገላ የሚነዳላቸው የአካባቢው ሰው ስላልተገኘ የተጓዙት በሠራዊቱ የሕሙማን ማመላለሻ ሰረገላ ነበር። በደብሊን ያረፉበት ሆቴልም የዛቻ ደብዳቤ ስለደረሰው፣ በዲሴምበር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ።

ስማቸው እንዴት ግስ ሆነ?

የዓይን ምስክር ሆኖ ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ሬድፓዝ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። ሬድፓዝ እንደሚተርከው፣ የአካባቢው ቄስ ከነበሩት ከአባ ጆን ኦማሊ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ለዚህ ድርጊት ምን ስም እንደሚስማማው መነጋገር ጀመሩ። መሬት የሚቀማን ገበሬ ማግለል «ማኅበራዊ ውግዘት» ይባል ነበር፤ በወኪል ላይ ሲሆን ግን ሌላ ስም ይገባዋል። ጋዜጠኛው ከግሪክ የመጣውን፣ ኦስትራሲዝም (ከማኅበረሰብ ማግለል) የሚለውን የተማሩ ሰዎች ቃል አሰበ፤ ግን ገበሬው አይገባውም በሚለው ሁለቱም ተስማሙ። ቄሱ ግንባራቸውን መታ መታ አድርገው «ቦይኮት ማድረግ ብንለውስ?» አሉ።

በአፍ የተጀመረው ቃል በኖቬምበር 1880 በጋዜጦች ላይ ታየ፤ መጀመሪያ እንደ ሰው ስም በትልቅ ፊደልና በትምህርተ ጥቅስ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ማንኛውም ግስ ተጻፈ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችና ሩስያኛ ገባ። ቃሉ ይህን ያህል የፈጠነው ዜናው ስለ ተስፋፋ ይመስለኛል፤ አንባቢው ቃሉን የሚማረው ከነታሪኩ ነበርና ትርጓሜ አላስፈለገውም።

ባለስሙ ሰው በ1881 አሜሪካን ሲጎበኙ ከኒንግሃም በሚለው የመካከል ስማቸው ለመጓዝ ተገደዱ። በኋላ በእንግሊዝ አገር በሰፎክ ሌላ ርስት አስተዳድረው በ1897 አረፉ። በማዮ የቀሩት ጭሰኞችና መሰሎቻቸው ደግሞ በ1881 በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን መንግሥት የወጣውን የመሬት ሕግ አገኙ፤ ሕጉ ኪራይን የሚወስን ፍርድ ቤት አቋቁሞ የመሬት ማኅበሩን ሦስት ጥያቄዎች በመሠረቱ ተቀብሏል። ይህ የአንድ እርሻ ውጤት አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የተካሄደ ትግል ፍሬ ነው።

ድርጊቱ ከቃሉ በፊት አልነበረም?

ነበር። በእንግሊዝ ከ1791 ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች በባሪያ ጉልበት የተመረተ የካሪቢያን ስኳር አንበላም ብለው ነበር፤ የባሪያ ንግድ ተቃዋሚው ቶማስ ክላርክሰን ቁጥራቸውን 300 ሺህ ያህል አድርገው ገምተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የአሜሪካ ቅኝ ነዋሪዎች በ1760ዎቹና በ1774 የእንግሊዝን ዕቃ ላለማስገባት ተስማምተው ነበር። እነዚህን ዛሬ ቦይኮት ብለን እንጠራቸዋለን፤ ያደረጓቸው ሰዎች ግን ቃሉን አያውቁትም።

ከአድማና ከማዕቀብ በምን ይለያል?

የሥራ ማቆም አድማ ሠራተኞች ከራሳቸው አሠሪ ጋር የሚያደርጉት ትግል ሲሆን የሚነፈገው ጉልበት ነው፤ በቦይኮት ግን ገዢው፣ ተመልካቹ፣ ጎረቤቱ፣ ማንኛውም ሰው ይገባበታል። በሎክ ማስክ ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ የእርሻ ሠራተኞቹ ሥራ ሲያቆሙ ባለሱቁና አጣቢዋ ደግሞ ፊታቸውን አዞሩ።

ማዕቀብ ፍጹም ሌላ ነው። ማዕቀብ የሚጥለው መንግሥት ወይም የመንግሥታት ማኅበር ነው፤ በሕግ ይታወጃል፣ የጣሰውም ይቀጣል። የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በመውረሯ በኖቬምበር 1935 የጣለባት እርምጃ ማዕቀብ ነበር፤ ነዳጅን ሳይጨምር በመቅረቱም የወራሪውን ጦር አላስቆመም። በዚያ ጊዜ በየአገሩ የኢጣሊያን ዕቃ በገዛ ፈቃዱ አልገዛም ያለ ሰው ቢኖር የእርሱ ድርጊት ቦይኮት ይባል ነበር። እገዳ ደግሞ ባለሥልጣን አንድ ዕቃ እንዳይገባ ወይም እንዳይወጣ፣ አንድ ሰው እንዳይሠራ የሚያደርግበት ክልከላ ነው። በአጭሩ ማዕቀብና እገዳ ከላይ የሚወርዱ ትእዛዞች ሲሆኑ፣ ቦይኮት የሚቆመው በአድራጊዎቹ ፈቃድ ነው።

የሚሠራው መቼ ነው?

የሚነፈገው ነገር ለተነፋጊው አስፈላጊ ሲሆንና ነፋጊዎቹ ያለ እርሱ መቆየት ሲችሉ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የሆነው ሁለቱንም ያሳያል። በዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫቸውን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለታቸው ታሰሩ። ከዲሴምበር 5 ጀምሮ ጥቁሮች አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ሦስት አራተኛው ያህል ጥቁሮች ስለነበሩ ኩባንያው ወዲያውኑ ተጎዳ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሕዝብም በየቀኑ ሥራ ቦታው መድረስ ነበረበት። ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናት ገንዘብ እያሰባሰቡ፣ ባለመኪኖች በተወሰነ መነሻና መድረሻ ሰው እያመላለሱ፣ ብዙዎችም በእግራቸው እየሄዱ 381 ቀን ቆዩ። የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጠው ግን በአውቶቡስ ውስጥ በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ፍርድ ያጸናው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ቦይኮቱ ሕዝቡን አንድ አድርጎ ያቆየ፣ ክሱ ደግሞ ሕጉን የለወጠ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማመስገን ትክክል አይመስለኝም።

ዋጋው በአድራጊው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ነገሠባት ደቡብ አፍሪካ በመጓዙና የኦሊምፒክ ኮሚቴው ኒውዚላንድን አላግድም በማለቱ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 የሚበልጡ አገሮች፣ በአብዛኛው አፍሪካውያን፣ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀሩ። በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙት ምሩፅ ይፍጠር ያን ውድድር አልሮጡም፤ በ1980 በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኙ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። ኢትዮጵያ በ1984 ከሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ደግሞ ከሴኡል ቀርታለች። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ።

ሦስቱን ግን በአንድ ሚዛን ማየት አይገባም። በ1976 ጥያቄው ግልጽ፣ የተበደለውም የታወቀ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) መሪዎች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የሚደረግ የስፖርት ግንኙነትን ለመግታት ተስማምተዋል። የ1984ቱና የ1988ቱ መቅረት የቀዝቃዛው ጦርነት ጎራ ጉዳይ ነበር፤ ሯጮቹ ከፈሉበት፣ ያተረፈውን ሰው ግን ማግኘት ይከብዳል።

ሁልጊዜ የደካሞች መሣሪያ ነው?

አይደለም። በጀርመን ሥልጣን የያዘው የናዚ ፓርቲ በኤፕሪል 1 ቀን 1933 በአይሁድ ሱቆች፣ ሐኪሞችና ጠበቆች ላይ ቦይኮት አወጀ፤ የፓርቲው ዩኒፎርም ለባሾች በየሱቁ በር ቆመው ገዢውን ያስፈራሩ ነበር። ጥቃት የሚፈጽመው በሥልጣን ላይ ያለ ኃይል ነው፣ ተጠቂው መብቱን የሚነጠቅ ዜጋ ነው፣ ጥያቄም የለውም፤ አይሁዳዊ ከመሆን በቀር ሱቁ ሊያስተካክለው የሚችል ጥፋት አልተጠቀሰም። ጥያቄ የሌለው ቦይኮት ማሳደድ ነው፤ ስሙን የሰጡትም አሳዳጆቹ ናቸው።

በማዮም ቢሆን ሁሉም ነገር ንጹሕ አልነበረም። አንጥረኛው የተወው በፈቃዱ ሳይሆን በዛቻ ነው። ፈቃድ የቦይኮት መሠረት ከሆነ፣ ጎረቤቱን አስፈራርቶ የሚያስቆም ሰው መሠረቱን ራሱ እየናደ ነው፤ የገበሬዎቹ ጉዳይ ፍትሐዊ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሕግ ምን ይለዋል?

እንደ አገሩ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1887 ለአየርላንድ ባወጣው የወንጀል ሕግ ማስፈራራትንና ቦይኮትን ለመቅጣት ሞክሯል። በአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ጠብ ያላቸውን አሠሪ ትተው ከእርሱ ጋር የሚነግደውን ሌላ ድርጅት ማስጨነቃቸው በ1947 ሕግ ተከልክሏል። በሌላ በኩል የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1982፣ በሚሲሲፒ ግዛት በፖርት ጊብሰን ከተማ ጥቁሮች በነጭ ነጋዴዎች ላይ ከ1966 ጀምሮ ባደረጉት ቦይኮት ጉዳይ፣ ሰላማዊ የሆነው ክፍል በመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው፣ ኃይል ግን አይጠበቅም ሲል ወስኗል።

በንግግርና በጽሑፍ እንዴት እንጠቀምበት?

በእንግሊዝኛ ግሱ ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፤ ስሙና ግሱም አንድ ቅርጽ አላቸው። «በእገሌ ላይ» የሚል መስተዋድድ የሚከተለው ስሙን እንጂ ግሱን አይደለም፤ ከአማርኛ የሚነሣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተሳቢው ሰው ነበር፤ ዛሬ ዕቃ፣ ኩባንያ፣ ምርጫ፣ ስብሰባና ውድድርም ይሆናል።

በአማርኛ «ቦይኮት አደረገ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ እንደ ነገሩ «አንገዛም ብለው ተስማሙ»፣ «አገለሉት»፣ «ከምርጫው ራሱን አገለለ» ማለት የበለጠ ግልጽ ያደርጋል። ስብሰባ ገብቶ ረግጦ የወጣ ሰው ስብሰባውን ቦይኮት አላደረገም። ትልቁ ጥንቃቄ ግን በምርጫ ዜና ላይ ያስፈልጋል። በ1995 የኢትዮጵያ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አንሳተፍም ብለው ቀርተዋል፤ ይህ ቦይኮት ነው። ከ2005 ምርጫ በኋላ የተመረጡ አንዳንድ የቅንጅት አባላት ፓርላማ አንገባም ማለታቸውም እንዲሁ። ዕጩ ማቅረብ አቅቶት የቀረ ፓርቲ ግን ቦይኮት አላደረገም፤ ምዝገባ ተከልክሎ የቀረውም አላደረገም። የተከለከለውን «ቦይኮት አደረገ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ በከልካዩ እጅ የተፈጸመውን በተከልካዩ ፈቃድ እንደተፈጸመ አድርጎ ያቀርባል።